ኩባያዬና ስድስቱ ብርጭቆዎች

ዲግሪዬን የያዝኩት በሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። "በዚህ ዕድሜሽ ምን ታይቶሽ?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የሚያምር መልስ የለኝም። በንዴት ነው። ሌላው ሰው ዕውቀት ወዶ ይማራል፤ እኔ ደሜ ፈልቶ ነው የተመዘገብኩት።

የምሠራው የከተማችን የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ነው። ወንዙ ጭቃውን እንደያዘ በቦይ ይመጣልናል። እኛ ዱቄት እንጨምርበታለን፤ ዱቄቱ ጭቃውን እርስ በርሱ እያጣበቀ ወደ ገንዳው ወለል ያወርደዋል፤ ከላይ የቀረው ውሃ በአሸዋ ማጣሪያዎቹ አልፎ ወደ ሰው ቤት ይሄዳል። ዱቄቱ ረጅም የኬሚካል ስም አለው፣ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል፤ እኛ ግን ከድሮም "ዱቄቱ" ነው የምንለው። እኔ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ዛሬ ስንት ከረጢት ይግባ የሚለውን የምወስነው እኔ ነኝ ማለት ነው።

የምወስነውም በኩባያዬ ነበር። ነጭ የቆርቆሮ ኩባያ ናት፣ ከውስጥ ወለሏ ላይ ሰማያዊ አበባ የተሳለባት። ከቦዩ እቀዳለሁ፣ መስኮቱ ጋ ወስጄ አያለሁ። አበባዋ ቁልጭ ብላ ከታየች አንድ ከረጢት። ከደበዘዘች ሁለት። ጭራሽ ከጠፋች ሦስት። አለቀ! ይህን ዘዴ ያወጣሁት ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት እኔው ራሴ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጣቢያው የገባ ሰው ሁሉ ከእኔ ነው የተማረው፤ የሌሎቹ ፈረቃዎች ኃላፊዎች ሳይቀሩ እንደኔ ያለ ኩባያ ፈልገው ገዝተዋል። ስሜም በዚያው ቀረ፤ እትዬ ኩባያ። እውነት ለመናገር ስጠራበት ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ሰኞ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣብን። ቀጭን ነው፣ ሸሚዙ ሁሌ የተተኮሰ፣ ከሁለት ንግግሩ አንዱን "ደንቡ ነው" ብሎ ይጨርሳል። ሳምንት ሳይሞላው "ደንቡ" ብለን ሰየምነው። ስብሰባ ጠርቶ ደብዳቤ አነበበልን፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለው ሰው የፈረቃ ኃላፊ ሆኖ አይቀጥልም ይላል። አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከሦስቱ ኃላፊዎች ዲግሪ የሌለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ዲግሪ ያላቸው ሁለቱ ራሳቸው የእኔን ኩባያ አይደለም እንዴ የሚያዩት?" አልኩት። "ወረቀቱ መጥቶ ጭቃውን ያይልኛል?"

"ደንቡ ነው፣ ወይዘሮ።"

ከኋላ ጡሩምባ ሳቁን ለቀቀው። ጡሩምባ ማጣሪያዎቹን የሚያጥበው ባልደረባችን ነው፤ በሹክሹክታ የነገሩትን እንኳ ሲመልስ ግቢው ሁሉ ይሰማዋል። "እትዬ ኩባያ ደብተር ልትይዝ ነው እንግዲህ!" አለ። የዚያን ቀን እንደማላደርገው ያሰበ መሰለኝ፣ እሱም ደንቡም። በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ፤ ኬሚስትሪ፣ ቅዳሜና እሁድ የሚሰጠውን።

የፈረቃ ኃላፊነቱ ወንበር ለእኔ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አባቴ የዚሁ ጣቢያ ቦይ ጠራጊ ነበር። ዕድሜ ልኩን ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቅጠልና ጭቃ ሲያወጣ ኖሮ፣ አንድም ቀን የፈረቃ ኃላፊው ክፍል ውስጥ ግባ ተብሎ አያውቅም። ከበሩ ላይ ሆኖ ነው የሚያናግሩት። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ በመስኮቱ ቦዩን ሳይ እሱን አየዋለሁ። ያንን ወንበር በአንድ ደብዳቤ ሊወስዱብኝ ነው? ሞቼ ነው ቆሜ!

እማዬ ስትሰማ ጉድ አለች። እማዬ የምትኖረው ላይ ሰፈር ነው፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ። ያኔ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ አንድ ጉልበቷ ያስቸግራታል፣ ምላሷ ግን ምንም አልሆነም።

"አንቺ? ተምረሽ እስክትጨርሺ ጡረታሽ ይደርሳል እኮ!" አለችኝ በስልክ። "ደግሞስ ዲግሪ ለማን በጀ? የጎረቤቴ ልጅ ዲግሪውን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ እሱ ከሥሩ ተጋድሞ ይውላል።"

"እኔ የምፈልገው ወረቀቱን ነው፣ እማዬ። አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ጧ ላደርግለት ነው።"

"ወረቀቱን ተዪና ውሃ ላኪልኝ! ዝናብ ከገባ ወዲህ ቧንቧዬ ጠብ ካለ ይኸው ሦስተኛ ቀኑ።"

ይህ በየዓመቱ የምንጨቃጨቅበት ነገር ነው። ዝናብ ሲገባ ላይ ሰፈር ውሃ ይጠፋል። ሰማዩ እየፈሰሰ ቧንቧው ደረቅ! "ወንዙ ነው እማዬ፣ ሲደፈርስ ምን ላድርግ?" እላታለሁ። "የገዛ ልጄ ውሃ ላይ ተሹማ እኔ በጄሪካን!" ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ከዳገቱ ግርጌ ካለው የሕዝብ ቧንቧ ቀድታ፣ ሁለት ሦስት ቦታ እያረፈች ነው የምትወጣው። እረፍት በሆንኩ ቀን ሄጄ እቀዳላታለሁ፤ ባልሄድኩ ቀን አንጀቴን ስትበላኝ እውላለሁ። ግን ወንዙ ነው። ከልቤ ወንዙ ነው ብዬ አምን ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ክፍል ገባሁና ከፊት ተቀመጥኩ፤ ዓይኔ ሩቅ አያይም። ልጆቹ መምህር መስያቸው ተነሡ። እኔም ደንግጬ አብሬ ተነሣሁ። በዚህ መሀል እውነተኛው መምህር ገባ። ብርጭቆ ነው!

ብርጭቆ ማን መሰላችሁ? ደብዳቤው ከመምጣቱ ሦስት ዓመት በፊት ትኩስ ተመራቂ ሆኖ ጣቢያችን ተቀጥሮ ነበር። በሁለተኛው ቀኑ ስድስት ብርጭቆ በካርቶን ይዞ መጣ። በእያንዳንዱ የወንዙን ውሃ ሞልቶ፣ የተለያየ መጠን ያለው ዱቄት ጨምሮ፣ አማስሎ፣ የትኛው እንደሚጠራ እንይ አለ። እኔ በሰው ሁሉ ፊት አፌን ሞልቼ፣ "ልጄ፣ ጠምቶህ እንደሆነ አንድ ብርጭቆ ይበቃሃል" አልኩት። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርጭቆ ሆኖ ቀረ። ዓመት ሳይሞላው ካርቶኑን ይዞ ለቀቀ። አሁን ስም እየጠራ ነው፤ እኔ ጋ ሲደርስ ቀና አለ።

"እትዬ ኩባያ!" አለ። "እንኳን ደህና መጡ።"

ምንም ተንኮል አልነበረበትም። እሱ ነው የባሰብኝ፤ ቢሰድበኝ እንኳ እመልስለት ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያ ፈተና ሠላሳ አንድ አመጣሁ። ከመቶ! ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ ቢሮው ሄድኩ፣ ልጣላው። "ብዙውን መልስ እኮ አግኝቼዋለሁ!" አልኩት።

"አግኝተዋል፣ እትዬ። እንዴት እንዳገኙት ግን አልጻፉም።"

"ካወቅሁት ምን ያደርጋል?"

"እኔ እንድፈትሸው። እርስዎም እንዲፈትሹት።"

ወይ ጣጣ! ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ ያቺ ነገር ተከተለችኝ። እንዴት አወቅሽ? ሒሳቡ ላይ እንዴት አወቅሽ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ እንዴት አወቅሽ። አውቶቡስ ላይ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እየሄድኩ እንኳ ሾፌሩ "መንገዱ ተዘግቷል" ሲል "እንዴት አወቅህ?" ልለው ይቃጣኝ ጀመር። ልጆቹ "እናታችን" ይሉኛል። እኔ ለነሱ ምሳዬን አካፍላቸዋለሁ፣ እነሱ ለእኔ ሎጋሪዝም ያስረዱኛል፤ በዚህ ንግድ የከሰርኩት እኔ አይደለሁም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ስልሳ፣ ሦስተኛው ላይ ሰባ ስምንት። እሰይ! ለራሴ ነው የምለው፣ ሌላ ማን ይላል?

አምስተኛው ዓመት ላይ የመመረቂያ ጥናት ምረጡ ተባለ። ዓይኔን ሳላሽ መረጥኩ፤ የኩባያዬን ልክነት በስድስት ብርጭቆ ማረጋገጥ። አዎ፣ በነዚያው ብርጭቆዎች! በራሱ መሣሪያ ላሳየው ነው። አማካሪ ሆኖ የተመደበልኝም ራሱ ብርጭቆ ነው። ርዕሱን አንብቦ ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ።

"ጥያቄ አይደለም፣ መልስ ነው" አልኩት።

የበጋውን ወራት ጣቢያው ውስጥ መስኮቱ ሥር ስድስት ብርጭቆ ደርድሬ ሠራሁ። ኩባያዬ ልክ! በየቀኑ ልክ! አበባዋ አንድ ከረጢት ስትል ብርጭቆዎቹም የአንዱ ከረጢት ልክ ያለበት ይጠራሉ። ጡሩምባ እያለፈ "እትዬ፣ ዲግሪውን ለኩባያዋ ይስጧት!" ይላል። ደስታዬን አልቻልኩትም።

ከዚያ ዝናብ ገባ። ወንዙ ቡኒ ሆኖ መጣ፣ አበባዋ ጠፋች፤ ሦስት ከረጢት ማለት ነው። ብርጭቆዎቹን ሞላሁ፤ የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ዱቄት፣ እየጨመርኩ ሄጄ ስድስተኛው ላይ የሦስት ከረጢቱን ልክ። አማሰልኩ፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ሁለተኛው ትንሽ ጠራ። ስድስተኛው፣ የእኔው፣ ሩዝ የታጠበበት ውሃ መስሎ ቀረ።

ብርጭቆው ቆሻሻ ነው አልኩ። አጠብኩት። ዱቄቱ ተበላሽቷል አልኩ። ሌላ ከረጢት ከፈትኩ። ብርጭቆን ጠርቼ "አንተ ነካክተህብኝ ይሆን?" አልኩት፤ ይቅር ይበለኝ። ዘጠኝ ቀን ደጋገምኩት። ዘጠኙንም ቀን ስድስተኛው ደፍርሶ ቀረ። በዘጠነኛው ቀን ብርጭቆ አንድ ትንሽ ወረቀት አውጥቶ ውሃው ውስጥ ነከረ። ወረቀቱ ቀላ።

"ምን ማለት ነው እትዬ?" አለኝ፤ መልሱን እያወቀ።

እኔም አውቄዋለሁ፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ተፈትኜበታለሁ። ዱቄቱ ውሃውን ያኮመጥጠዋል። በበጋ ወንዙ በድንጋይ መሀል ሲንቆረቆር ቆይቶ ስለሚመጣ ያንን የሚችልበት አቅም ይዞ ነው የሚደርሰው። የዝናብ ውሃ ግን ባዶውን ነው፤ ዱቄት ሲበዛበት ይኮመጥጥና ጭቃው መያያዙን ይተዋል። እኛ ደግሞ ደፈረሰ ብለን ሌላ እንጨምራለን። ባዶ ብርጭቆ አነሣሁና የወንዙን ውሃ ሞልቼ፣ መጀመሪያ ኩምጣጤውን እንዲያበርድ ቆንጠር አድርጌ ኖራ፣ ከዚያ የአንድ ከረጢቱን ልክ ዱቄት ብቻ ጨመርኩ። ግማሽ ሰዓት። ከኋላው ጋዜጣ ብታስቀምጡ ይነበባል።

ወጣሁና ጡሩምባ ጋ ሄድኩ። ማጣሪያ እያጠበ ነበር።

"በዝናብ ጊዜ በቀን ስንቴ ነው የምታጥባቸው?"

"አራቴ! ወገቤ ሊቆረጥ ነው!" ብሎ ጮኸ። "ጭቃው ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው!"

"በበጋስ?"

"በሁለት ቀን አንዴ።"

"የምታጥበው በምንድን ነው?"

"በተጣራው ውሃ ነዋ! ምን ሆነሻል ዛሬ?"

በተጣራው ውሃ። በቀን አራቴ፣ የሰው መጠጥ የሚሆን ንጹሕ ውሃ ማጣሪያ ታጥቦበት ተመልሶ ወንዝ ይገባል። የቀረው ታች ላለው ሰፈር ይበቃል፤ ዳገት የሚወጣ ግን አይተርፍም። ላይ ሰፈርን ያስጠማው ወንዙ አልነበረም፤ ኩባያዬ ነበረች። እናቴን በዚያ ጉልበቷ ጄሪካን ያሸከምኳት እኔ ነበርኩ። ከረጢቶቹ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጡሩምባ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እትዬ?" ሲል ሰማሁት።

ነገሩን ስነግረው፣ "ታዲያ የበጋውን ብቻ ጻፊዋ!" አለ። "የበጋው እውነት አይደለም እንዴ? ጽፈሽ፣ ወረቀትሽን ይዘሽ፣ ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ። ኖራውን ቀስ ብለን በኋላ እንጨምራለን። ደንቡ ይህን ቢሰማ ዕድሜ ልኳን ስትሳሳት ነበር ብሎ ያባርርሻል!"

ውሸት እንዳይመስላችሁ፣ አሰብኩበት። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ማቅረቢያው ቀን ላይ ጥናቱ የተሠራበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ይጋበዛል፤ ደንቡ ከፊት ተቀምጦ ሊሰማኝ ነው። የበጋውን ብቻ ካቀረብኩ ወንበሩ የእኔ ነው። የዝናቡን ካቀረብኩ በገዛ አፌ ለሰውየው ገመድ ማቀበሌ ነው። ደግሞ "ቀስ ብለን በኋላ" ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጣቢያችን ውስጥ ቀስ ተብሎ በኋላ የተደረገ ነገር አይቼ አላውቅም። ሦስቱም ፈረቃ አበባዋን ማየቱን ይቀጥላል፤ እማዬም መቅዳቷን። ብርጭቆን ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅሁት።

"ውሳኔው የእርስዎ ነው፣ እትዬ" አለ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ አፈረና፣ "እኔ ያኔ ካርቶኔን ይዤ ስወጣ፣ ትክክል እንደሆንኩ እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም። ሳልሞክረው ነው የሄድኩት" አለኝ።

በማቅረቢያው ቀን ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። ሦስት ፈታኞች፣ ልጆቼ የምላቸው ተማሪዎች፣ ጥግ ላይ ጡሩምባ፣ ከፊት ደንቡ በተተኮሰ ሸሚዙ። ጠረጴዛው ላይ ኩባያዬንና ስድስቱን ብርጭቆዎች ደረደርኩ። የበጋውን ተናገርኩ፤ ፈታኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር።

"አሁን ደግሞ የዝናቡን ልንገራችሁ" አልኩ። ጠዋት ከቦዩ የቀዳሁትን ውሃ ሞላሁ፣ ዱቄቱን ጨመርኩ፣ አንዱ ላይ ኖራ፣ አማሰልኩ፤ እስኪረጋ ድረስ ሁሉን ተናገርኩ። የማጣሪያውን አጠባ፣ ላይ ሰፈርን፣ ሦስቱን ከረጢት፣ ዘዴውን ያወጣሁት እኔ መሆኔን። ሲያልቅ ብርጭቆዎቹን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ። የኩባያዬ ልክ ድፍርስ ብሎ ነበር። ኖራ ያለበት ግን ጥርት ብሎ የዝናቡ ጠብታ መስታወቱ ላይ ሲወርድ በውስጡ ይታያል።

ፈታኞቹ ሳይናገሩ ደንቡ እጁን አወጣ።

"ስለዚህ ወይዘሮ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሳሳቱ ኖረዋል ማለት ነው?"

"አዎ። በዝናብ ወራት፣ አዎ።"

"ሌሎቹንም ያሳሳቱት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ በዚያ ወንበር ላይ የማስቀጥልዎት ለምንድን ነው?"

ለአምስት ዓመት ይህን ሰው የምመልስበትን ስድብ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ፤ አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሌላ ነው።

"ያን ጊዜ ሁሉ ሦስት ፈረቃ ሲሠራ ኖሯል" አልኩት። "ዲግሪ ያለውም የሌለውም፣ እርስዎም ጭምር፣ ስህተት መኖሩን ያወቀ የለም። ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ነገ ሌላ ስህተት ብሠራ እንዴት እንደማገኘው አሁን ተምሬያለሁ። ከዚህ የተሻለ ሰው ካለዎት ያስቀምጡ፤ ከሌለዎት ግን አንድ ሳምንት ይስጡኝ። ጣቢያውን በኖራ ላስኪደው። ላይ ሰፈር ውሃ ካልወጣ ወንበሩን ራሴ ተሸክሜ አመጣልዎታለሁ።"

ጥግ ላይ የነበረው ጡሩምባ "እሰይ እትዬ!" ብሎ ሲጮህ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ልጆቹ አጨበጨቡ። የፈታኞቹ ሰብሳቢ "ጸጥታ" ብላ እሷም ፈገግ አለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠርታን ውጤቱን አነበበች፤ ዘጠና አራት። ከመቶ! ብርጭቆ እጄን ይዞ አልለቅ አለ። እኔም "የዚያን ቀን ስላልኩህ ነገር ይቅርታ" አልኩት፤ ስምንት ዓመት የዘገየ ይቅርታ ነው። "እኔ ግን ስሙን ወድጄዋለሁ" አለኝ።

ደንቡ ሳምንቱን ሰጠኝ፤ በጽሑፍ፣ ቁጥርና ማኅተም አድርጎ። ሌላ አይጠበቅበትም።

ሰኞ ጠዋት ኖራውን ጨምረን አንድ ከረጢት ዱቄት ብቻ ስናስገባ የሌሎቹ ፈረቃዎች ኃላፊዎች ሳይቀሩ መጥተው ገንዳው ዙሪያ ቆሙ። ወንዙ ቡኒ ነው። ብሳሳትስ? ስድስት ብርጭቆ አንድ ነገር ነው፣ ይህን የሚያክል ገንዳ ሌላ ነው። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ምንም። ከዚያ ጡሩምባ ገንዳው ላይ አጎንብሶ "እየወረደ ነው!" አለ። ጭቃው እየተያያዘ፣ እየከበደ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ የገንዳው የታችኛው ደረጃ ታየ። እኔ እዚያ ደረጃ መኖሩን በዝናብ ወራት አይቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ማጣሪያዎቹ አንዴ ብቻ ታጠቡ። ረቡዕ ጨርሶ አልታጠቡም፤ ጡሩምባ ሥራ ፈትቶ ግቢ ውስጥ ሲንጎራደድ ዋለ። ሐሙስ ደንቡ መጣ። ሸሚዙ እንደተተኮሰ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተንበረከከ፣ ውሃውን ረጅም ጊዜ አየው፣ ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ።

"እነዚያ ብርጭቆዎች ከየት ነው የሚገዙት?" አለኝ።

"ለምን?"

"ለእያንዳንዱ ፈረቃ ስድስት ስድስት። ጠዋት ጠዋት ሳይፈተሽ ዱቄት አይገባም።" ሊሄድ ዞሮ ቆመ። "ከዛሬ ጀምሮ ደንቡ ነው። የሚያሠለጥኗቸውም እርስዎ ነዎት፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ።"

ሰውየውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት። ወረቀቱ ከወራት በኋላ ሲደርሰኝ ጠረጴዛው ላይ ጧ አላደረግኩበትም፤ ሁለት እጄን ዘርግቼ አሳየሁት፤ እሱም ቆሞ አነበበው። ኩባያዬ አሁን እስክሪብቶ ማስቀመጫ ሆናለች። ጡሩምባ "እትዬ ብርጭቆ" ሊለኝ ሞክሮ ነበር፤ ያ ስም ባለቤት አለው ብዬ ከለከልኩት።

ያን ሐሙስ ግን ገና አልጨረስኩላችሁም። ከሰዓት በኋላ የተጣራው ውሃ ማጠራቀሚያ ሞላ፣ በዝናብ ወራት ሞልቶ የማያውቀው። ክፍሌ ጥግ ላይ ያለውን፣ ወደ ላይ ሰፈር የሚወስደውን መስመር መክፈቻ በእጄ ይዤ አዞርኩት። አባቴ ይቆምበት የነበረው በር ላይ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያየኛል። ከፈትኩና ወንበሬ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ዳገቱ ረጅም ነው፣ ቧንቧው አየር አለበት፤ መጠበቅ ብቻ ነው። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ አያታለሁ። ሃያ ደቂቃ። አርባ። ካልሆነስ?

ጮኸች። እማዬ ናት።

"ቧንቧዬ ያስላል!" አለች። "ምን አድርገሽው ነው? ይተፋል፣ ያስላል... ቆይ። ቆይ ቆይ ቆይ!"

ስልኩን የጣለችው መሰለኝ። ከዚያ ድምፁን ሰማሁት። መጀመሪያ ሲንፎለፎል፣ ከዚያ ባልዲ ሲመታ፣ ከዚያ ሳይቆራረጥ ሲወርድ። ከውጭ የጎረቤቶቿ ድምፅ፣ "መጣ! መጣ!" እያሉ ከቤት ቤት ሲጠራሩ ይሰማኛል። እልል የሚል ሰው አለ። እኔ እንባዬ ደብተሬ ላይ ይወርዳል፣ አልጠረግኩትም።

እማዬ ስልኩን መልሳ አነሣች። ዝናብ እየዘነበ፣ ቧንቧው እየወረደ፣ እሷ ከሁለቱ በላይ መጮህ ነበረባት።

"ዲግሪው ይሄ ነው እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ፣ እማዬ" አልኳት። "ይሄ ነው።"

"ታዲያ ያኔ ወረቀት ነው ያልሽኝ ምን ነክቶሽ ነው?" አለችና ስልኩን ሳትዘጋ ባልዲ ልትቀይር ሄደች።